ቢራ ሊጥ አያስነሳም፣ ታዲያ የቢራ ፒዛ ለምን ይጣፍጣል?

ቤት ውስጥ ፒዛ ልሞክር ብሎ የተነሳ ሰው አንድ ቀን የቢራውን ቪዲዮ ማየቱ አይቀርም። ዱቄት፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ ቆንጠር ጨው፣ ማማሰል፣ ኦቨን፣ አለቀ። እርሾ የለ፣ መጠበቅ የለ። ከዛ እኛም ከሰፈር ሱቅ ፉርኖ ዱቄት ገዝተን ቢራ ከፍተን እንደተባልነው ስናደርግ የሚወጣው ነገር ቂጣ ነው፣ ያውም ጥርስ የሚፈትን ቂጣ።

አብሽሩ፣ ችግሩ እጃችሁ አይደለም። ቪዲዮው ላይ ያለው ዱቄት የኛ ዱቄት ስላልሆነ ነው። ፈረንጆቹ ጋ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ከፋብሪካ ተቀላቅሎበት የሚሸጥ ዱቄት አለ፣ እዛ ላይ ቢራም ጨመራችሁ አምቦ ውሃም ጨመራችሁ ይነፋል፣ ምክንያቱም የሚነፋው ፓውደሩ ነው። ቢራው ክብሩን በነጻ ነው የወሰደው። የኛ ፉርኖ ግን ስንዴ ብቻ ነው፣ ስለዚ ወይ ቤኪንግ ፓውደር ወይ እርሾ ካልገባበት በቀር ቁጭ ብሎ ያያችኋል።

"ቢራ ራሱ በእርሾ አይደል እንዴ የሚሰራው?" የሚል ሰው ይኖራል፣ ልክ ነው፣ በእርሾ ነው። ግን እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ የለም። ገብሱ ብቅል ይሆናል፣ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ስኳሩ ይወጣል፣ ከሆፕ ጋር (መራራነቱን የሚሰጠው አበባ ነው) ይፈላል፣ ሲቀዘቅዝ እርሾ ይገባበታል፣ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እስከዚ ድረስ ህይወት አለ። ከዛ በኋላ ግን ይጣራል፣ ጥርት ያለው ቢጫ ቀለም የሚመጣው እርሾው ተጣርቶ ስለወጣ ነው፣ ከተጣራ በኋላ ደግሞ አብዛኛው የጠርሙስ ቢራ 60 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ላይ ለ15 እና ለ20 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይደረጋል። ይሄ እነ ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመጡት ዘዴ ነው፣ ወተት ላይም ቢራ ላይም ያው ነው፣ ዓላማው መጠጡ መደርደሪያ ላይ እንዳይበላሽ ነው። እዛ ሙቀት ላይ እርሾ አይተርፍም። ስትከፍቱት ቡልቅ የሚለው አረፋ የታሰረ ጋዝ ነው እንጂ የሚሰራ እርሾ አይደለም።

ነገሩ ከድሮ ጋር ስለሚምታታ ግን ሰው ላይ አልፈርድም። ዳቦ ጋጋሪና ቢራ ጠማቂ ለብዙ ዘመን ጎረቤት ነበሩ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የጎልና የኢቤሪያ ሰዎች (የዛሬው ፈረንሳይና ስፔን አካባቢ) የቢራ አረፋ እየወሰዱ ዳቦ እንደሚያስነሱና ዳቦአቸውም ከሌላው ቀለል ያለ እንደሆነ ጽፏል። አውሮፓ ውስጥም የዳቦ እርሾ በፋብሪካ መመረት እስኪጀምር ድረስ፣ ማለትም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጋጋሪው ከጠማቂው በርሜል ላይ አረፋ ይቀዳ ነበር። ያ አረፋ ግን በእርሾ የተሞላ፣ ያልተጣራ፣ ሙቀት ያልነካው ነው። ዛሬ ከፍሪጅ የምታወጡት ጠርሙስ የዛ የልጅ ልጅ ቢሆንም ስራውን አይወርስም።

እኛ ጋ ደግሞ ያ የድሮው ነገር ዛሬም አለ፣ ጠላ ነው። በተለይ ጉሽ ጠላ፣ ገና ያልጠለለው፣ በህይወት ያለ እርሾ ሞልቶታል፣ ከእርሾው ጋር ደግሞ የሚያመጥጡ ባክቴሪያዎች አሉበት። የጠላ አተላ ጣል አድርገው ዳቦ የሚያስነሱ እናቶች ያለምክንያት አይደለም የሚያደርጉት። የማያምን ሰው ካለ በሁለት ብርጭቆ ይሞክረው፦ አንዱ ላይ ጋዙ የወጣ ቢራ፣ ሌላው ላይ ጉሽ፣ ሁለቱም ላይ አንድ አንድ ማንኪያ ዱቄትና ትንሽ ስኳር አድርጎ በጥብጦ ከምድጃው አጠገብ ሸፍኖ ያሳድራቸው። ጠዋት ላይ የጉሹ ብርጭቆ ፊቱ በትናንሽ ዓይኖች ተሞልቶ፣ ጫፍ ላይ አረፋ ተጠግቶ፣ ሽታው ሲተን ያገኘዋል። የቢራው ብርጭቆ ዱቄቱ ከታች ተኝቶ፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ቆሞ ይጠብቀዋል።

እሺ ቢራው ካላስነሳ ምን ያደርጋል? ጥሩ ጥያቄ፣ ምክንያቱም የሆነ ነገር ማድረጉማ የማይካድ ነው፣ በቢራ የተቦካ ሊጥ ሲጋገር የቅርፊቱ ቀለምና ሽታ ከውሃው ይለያል።

የመጀመሪያው ስኳር ነው፣ ወይም ከስኳር የተረፈው። የቢራ እርሾ ቀላሉን ስኳር ሁሉ በልቶት ሲሄድ ረዘም ያሉት ሰንሰለቶች፣ ዴክስትሪን የሚባሉት፣ ስለማይበላቸው ቢራው ውስጥ ይቀራሉ። አይጣፍጡም፣ ምላስ አያውቃቸውም፣ ግን ዱቄቱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ከፊላቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ከብቅሉ የመጡት የፕሮቲን ቁራጮች ደግሞ አብረው አሉ፣ ስኳርና የፕሮቲን ቁራጭ ሙቀት ላይ ሲገናኙ ያ ቡናማ ቀለምና የተጠበሰ ሽታ ይመጣል። ሁለተኛው አሲዱ ነው። ቢራ ፒኤችው (የአሲድ መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4 እና 4.5 መሃል ነው፣ ተራ ሊጥ ግን 6 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፣ ስለዚ ቢራው ሊጡን ትንሽ ወደ መኮምጠጥ ይወስደዋል፣ ግሉተኑንም፣ ሊጡን የሚያያይዘውን ፕሮቲን ማለት ነው፣ ጠበቅ ያደርገዋል። ሦስተኛው መራራው ነው። የሆፕ መራራነት በእሳት አይተንም፣ ውሃው ሲተን እሱ እዛው ይቀራል፣ ለዛ ነው ጥቁርና መራራ ቢራ ለፒዛ የማልመክረው፣ የኛ ሀገር ለስላሳ ቢጫ ቢራዎች ግን መራራነታቸው ትንሽ ስለሆነ ችግር የለውም። ጊዮርጊስ ይሁን ዋልያ ይሁን ሐበሻ፣ በሊጥ ውስጥ ልዩነቱን የሚለይ ሰው ካለ ምላሱን አደንቃለሁ።

ጋዙስ? ጋዙ ብዙ ይወራለታል ግን ያን ያህል አይደለም። ሊትር ቢራ ውስጥ 5 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሟሙቶ አለ፣ አብዛኛው ግን ስትቀዱትና ስታቦኩት ወደ አየር ይሄዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ እርሾ ራሱ አዲስ አረፋ አለመፍጠሩ ነው፣ እርሾ የሚያደርገው ስታሹት ሊጡ ውስጥ የገባችውን ትናንሽ አየር መንፋት ነው። ስለዚ ሊጡን በደንብ ያላማሰለና ያላሸ ሰው እርሾው የሚነፋው አየር ያንሰዋል።

እነዚህን ሁሉ ስትደምሩት ቢራ የሚሰጣችሁ ነገር ጊዜ ነው። አንድ ሊጥ ጣዕም የሚያወጣው ሲብላላ ነው፣ ለዛ ነው ጥሩ ፒዛ ቤቶች ሊጣቸውን ፍሪጅ ውስጥ አንድና ሁለት ቀን የሚያቆዩት። ቢራ ደግሞ ቀድሞ የተብላላ ገብስ ነው፣ ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ሳምንታት የጠበቁለት። እሱን ስትጨምሩ የሁለት ሰዓት ሊጥ ያደረ ሊጥ ሽታ ያመጣል። በግልጽ ልናገር፣ ጊዜ ካላችሁ በውሃ አቡክታችሁ ብታሳድሩት የቢራውን ያስንቃል፣ በነጻ። ቢራው የሚያዋጣው እንግዳ ማታ ሊመጣ ከሰዓት በኋላ ለሰማ ሰው ነው።

አሁን ልኬቱ። እዚህ ጋ አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፣ ሪሲፒው ላይ "300 ሚሊ ውሃ" የሚለውን በ300 ሚሊ ቢራ ይተኩታል፣ ከዛ ሊጡ ደረቅ ይሆናል። ቢራ ሙሉ በሙሉ ውሃ አይደለም። አልኮሉ፣ ዴክስትሪኑ፣ ምናምኑ ሲወጣለት ከመቶው 92 ገደማ ነው ውሃ የሚሆነው። ስለዚ ትንሽ ከፍ ማድረግ አለባችሁ፣ ደግነቱ የኛ ጠርሙስ 330 ሚሊ ነው፣ 330 ሚሊ ቢራ 300 ሚሊ አካባቢ ውሃ ይዟል፣ ይሄ ለ500 ግራም ዱቄት ልክ የፒዛ መጠን ነው። ሚዛን ለሌለው ሰው ከዚ የቀለለ ነገር የለም፦ አንድ ኪሎ ፉርኖ ግዙ፣ በዓይን ለሁለት ክፈሉት፣ ለግማሹ አንድ ጠርሙስ። ጨው 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ደረቅ እርሾ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ፣ 3 ግራም ገደማ። ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ። ስኳር አያስፈልግም።

ቢራውን ቀደም ብላችሁ ከፍሪጅ አውጡት፣ ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ቀድታችሁ አማስሉትና አረፋው ይውጣ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ እርሾው ይተኛል፣ አረፋ ካለው ደግሞ ልኬቱ ይዋሻል። ለብ ማለት ይበቃዋል፣ አታሙቁት፣ 55 ዲግሪ ካለፈ እርሾውን ገደላችሁት ማለት ነው።

ሰዓቱ ላይ ግን እኛ ወሎ ጋ ደሴና ኮምቦልቻ እንኳን አንድ አይደሉም፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መሃላቸው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። የቪዲዮው ሰውዬ ደግሞ ምናልባት ባህር ዳርቻ ነው ያለው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚ ያው መጠን ያለው ጋዝ ሊጡ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጥ ይነፋል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አንድ አራተኛ ያህል። ይሄን ብቻ ብታዩ ደሴ ላይ ሊጥ ቶሎ ይነሳል ትላላችሁ። ግን ብርዱስ? ከጦሳ ተራራ ስር፣ ደሴ ያለ ኩሽና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እርሾ የሚወደው ቦታ አይደለም፣ እርሾው ራሱ ቀርፋፋ ይሆናል። ሁለቱ ነገሮች ይጎታተታሉ፣ ውጤቱም ኮምቦልቻ በሰዓት ተኩል የጨረሰው ሊጥ ደሴ ላይ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ ሲነሳ ግን በአንዴ ፍንድት ይልና ካልደረሳችሁለት ይሟሽሻል። ስለዚ ሰዓት አትዩ፣ ሊጡን እዩት። ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ጫን አድርጉት፦ ጉድጓዱ ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ገና ነው፣ ቀስ እያለ ግማሽ ድረስ ከተመለሰና ምልክቱ ከቀረ ደርሷል፣ ጭራሽ ካልተመለሰና ዙሪያው ፊስስ ካለ አልፎበታል፣ መልሳችሁ አድበልብሉትና ትንሽ ቆይታችሁ ጋግሩት። ለደሴ ሰው አንድ ጥቅም አለው ብርዱ፣ መብራት ቢጠፋም ሊጥ ማሳደር ይቻላል፣ እርሾውን ወደ ሩብ ማንኪያ ዝቅ አድርጎ መስኮት አጠገብ ከድኖ ማሳደር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ይሄን ብትሞክሩ ጠዋት ሊጡን ከወለሉ ላይ ነው የምትሰበስቡት።

አቦካኩ ላይ ብዙ አላወራም። ዱቄትና እርሾውን ቀላቅሉ፣ ቢራውን አፍሱ፣ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አማስሉና ጨው ሳይገባ ግማሽ ሰዓት ሸፍናችሁ ተዉት። ይሄ ዝምታ ግማሹን ማሸት በራሱ ይሰራላችኋል። ከዛ ጨውና ዘይቱን ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ያህል እሹት። ሲጀመር እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ዱቄት አትጨምሩበት፣ እጃችሁን ዘይት ቀቡ እንጂ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቆንጥራችሁ በቀስታ ስትወጥሩት ሳይበጠስ ስስ ሆኖ ብርሃን ካሳለፈ ደርሷል። የሚወጣው ሊጥ 850 ግራም ገደማ ነው፣ ለሦስት ክፈሉት፣ አድበልብሉት፣ አስነሱት። በመዳመጫ አትዳምጡት፣ ያን ሁሉ አየር ለምን ታወጡታላችሁ፣ በጣት ከመሃል ወደ ዳር ግፉት።

ኦቨን ያለው ሰው ሙቀቱን እስከመጨረሻው ከፍ ያድርገው፣ ከ250 ዲግሪ በላይ ከሄደ እሰየው፣ ትሪውን ባዶውን ቀድሞ ያሙቀው። ኦቨን የሌለን ግን ምጣድ አለን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከስር ጎበዝ ነው። ችግሩ ከላይ ነው፣ አክንባሎ ሲከደን እንፋሎቱ ይታፈንና የላዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ እንፋሎት ባለበት ደግሞ ምንም ነገር ቡናማ አይሆንም። ዘዴው ማገላበጥ ነው። ሊጡን ባዶውን ምጣዱ ላይ ጣሉት፣ ከስር ነጠብጣብ ሲይዝ ገልብጡት፣ የተጠበሰው ፊት ወደላይ ሲመጣ ቲማቲሙንና ቺዙን እሱ ላይ አድርጉና ከድኑት፣ ቺዙ እንደቀለጠ አውጡት። ቲማቲሙ ቀድሞ በደንብ ይቁላላ፣ ውሃ ካለው ከላይ የለፋችሁበትን ሁሉ ያበላሻል። አይብ ልጠቀም ለሚል ሰው፣ የኛ አይብ በአሲድና በሙቀት የረጋ ስለሆነ አይቀልጥም፣ ይደርቃል እንጂ፣ ከወጣ በኋላ በትኑበት። በጾም ደግሞ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ድንች በስሱ፣ የጾም ፒዛ እንግዲህ ማንም ያውቀዋል፣ ሊጡ እንደሆነ ወተትም ቅቤም የለበትም።

አሁን ወሎ ላይ ሆኖ ይሄን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። "አልኮሉ ሲጋገር ሙሉ በሙሉ ይተናል" የሚባለው እውነት አይደለም። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ ነው፣ ግን ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ለብቻው ተለይቶ አይወጣም፣ ከውሃው ጋር እየተጎተተ ነው የሚወጣው፣ ከፊሉም ይቀራል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ላይ አልኮል ገብቶበት ለ15 ደቂቃ የበሰለ ምግብ ከአልኮሉ 40 በመቶ ያህል፣ ለ30 ደቂቃ የበሰለ 35 በመቶ ያህል ይቀረዋል። ፒዛ ስስ ስለሆነ ከዚ ሊያንስ ይችላል፣ ግን ፒዛ ምጣድ ላይ የሚቆየው ስንት ደቂቃ ነው? አንድ ጠርሙስ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለው፣ ከሱ ላይ የሚቀረው ሰውን አያሰክርም፣ ዜሮ ግን አይደለም። ስለዚ ጎረቤት ሙስሊም ከሆነ፣ ወይ ቤት ውስጥ በሌላ ምክንያት አልኮል የማይነካ ሰው ካለ፣ "ተኗል አይዟችሁ" ብሎ ማቅረብ ነውር ነው። ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ወይም ሌላ አቡኩ።

ሌላው ደግሞ የሚያስቸግር አይደለም፣ ምክንያቱም የቢራውን ጣዕም የሚያመጣው አልኮሉ ሳይሆን ብቅሉ ነው፣ ብቅል ደግሞ ደሴ ገበያ ወርዶ መግዛት ነው። ለ500 ግራም ዱቄት 310 ሚሊ አካባቢ አምቦ ውሃ ወይ ተራ ውሃ፣ ከዱቄቱ ጋር ደግሞ በደንብ የተፈጨና የተነፋ ብቅል ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ሌላው ሁሉ ያው ነው፣ ጨውም እርሾም ዘይትም። ትንሽ ከሰዓቱ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት እንጂ ቅርፊቱ እንደ ቢራው ይቀላል። ሱቅ ውስጥ ያሉት አልኮል አልባ የብቅል መጠጦችም ይሆናሉ፣ ግን ስኳራቸው ብዙ ስለሆነ ግማሹን በውሃ ቀላቅሉ፣ ካልሆነ ምጣዱ ላይ ሳይበስል ያርራል። ብቅሉንም አታብዙት፣ ያልተቆላ ብቅል ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚሰብረው ከማንኪያ ካለፈ ሊጡ ይላላል፣ ውስጡም ቢበስል እንኳን ሲቆረጥ ቢላዋ ላይ ይለጠፋል።